ፊሽካ የያዘ ሰነፍ

ስፖርት አስተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ ቦርጬን ያያል፣ ከዚያ ወሬ ይቀይራል። ማክሰኝት ውስጥ ከእኔ በላይ ቱታ የለበሰ፣ ከእኔ በታች የሮጠ ሰው አለ የሚል ካለ ይምጣና እንወራረድ። የማስተምረው ከሜዳው ዳር ካለችው ሾላ ሥር ተቀምጬ ነው። ጥላዋ ሲዞር ወንበሬን ይዤ አብሬ እዞራለሁ፤ የዕለቱ ዋና እንቅስቃሴዬ እሱ ነው። የትምህርቱ ሙሉ ስም «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ይባላል፤ እኔ ጤናውን ለተማሪዎቼ ትቼ ማጎልመሻውን ለሆዴ ወስጃለሁ።

ስንፍናዬ በትምህርት ቤት አጥር ብቻ አይወሰንም። የንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ስግደት ቢያዙኝ «አባ፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ በጾም ይቀየርልኝ» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና «ልጄ፣ አንተ የስፖርት መምህር አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። «ነኝ አባ፤ ጉልበቴን የጎዳኝም እሱ ነው» አልኳቸው። ኃጢአቴን ላራግፍ ሄጄ አንድ ጨምሬ ተመለስኩ።

እነዚህ ግን ሰው ስቆ የሚያልፋቸው ቀላሎቹ ናቸው። ከበድ የሚለው ልጄን የሚመለከተው ነው። ልጄ ኦቲዝም አለበት። የሰው ልጆችን «ዝለሉ! ሩጡ!» እያልኩ ደመወዝ የምበላ ሰው፣ የገዛ ልጄ መዝለልና መሮጥ እንደሚያስፈልገው ለመረዳት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የመጨረሻው ሆንኩ።

ልጁ በጊዜው ዳዴ አለ፣ በጊዜው ሄደ። ስሙን ስንጠራው ግን አይዞርም፤ ከሦስት ቤት ማዶ ባጃጅ ሲነሣ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ይሰማል። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ በመስመር ይደረድራል፤ ከመስመሩ አንዷን ያነሣ ሰው ወዮለት። ጎማ ሲሽከረከር ካየ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ደስ ሲለው እጆቹን ያርገበግባል፣ በአንድ ቦታ ላይ ይዞራል፣ አያቱ ቤት መደብ ላይ ወጥቶ ይዘላል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ይዘላል። እናቱ «ይህን ልጅ ሐኪም ይየው» ስትለኝ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው የፈታሁት» አልኳት።

«አንተማ አንዴ ከፈታህ በኋላ አልዘጋ አለህ እንጂ!» አለችኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ እሷው ጎትታን፣ ጎንደር ወሰድነው። ባለሙያዋ ረጋ ብላ አየችው፤ ብዙ ጠየቀችን፤ በመጨረሻም የነገሩን ስም ነገረችን። ብቻችሁን አይደላችሁም አለችን። እውነቷን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት ይላል። ከአእምሮ ዕድገት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው፤ የርግማንም፣ የክፉ ዓይንም፣ የእናት ጥፋትም ውጤት አይደለም።

የእናት ጥፋት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆቹ እንዲህ የሚሆኑት እናቶቻቸው ፍቅር ስለሚነፍጓቸው ነው ብሎ ስንቱን ቤት አስለቅሷል። ሳይንሱ ሐሳቡን ከጣለው ቆይቷል። እኔ መጽሐፉን ዓይኑንም ሳላየው፣ ጎንደር ከመሄዳችን በፊት፣ በራሴ ጥረት እዚያው ደርሼ ነበር። «ስታጠቢው ሆዱን ብርድ መትቶት ይሆናል»፣ «አዝለሽው ስለዋልሽ ነው»፣ «በርበሬ አብዝተሽ ነበር»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ሚስቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እንደ እኔ ብትሆን ኖሮ እስከ ማክሰኝት ድረስ ትናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰበብ ዘመን ገባ። የመጀመሪያው ሰበቤ «እዚህ ማዕከል የለም» የሚል ነው። ባለሙያዋ ልጁ በየቀኑ መንቀሳቀስ፣ መጫወት እንዳለበት ነግራኛለች፤ እኔ ደግሞ ይህን የሚያደርግለት ማዕከል እጠብቃለሁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታስታውሷቸዋላችሁ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን ነገር በአደባባይ ሲናገሩ ኖሩ። እሳቸው ማዕከል ቢያጡ ማዕከል ሠሩ፤ እኔ ማዕከል ባጣ ሰበብ አገኘሁ።

ለዚያውም ሰበቤ ሙሉ አልነበረም። ጎንደር ከኛ 40 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፤ ሰው የዕለት ኑሮውን፣ ልጅም ጨዋታውን እንዲችል የሚያግዘውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያም ማስተማር ጀምሯል፤ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያይ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። ባለሙያዋ ይህን ስትነግረኝ «ሩቅ ነው» አልኩ። ፋሲል ከነማ ጎንደር ላይ ሲጫወት ግን 40 ኪሎ ሜትር ለእኔ ጎረቤት ነው፤ ስፖርት ማየት ከሆነ ድካም አላውቅም።

ሁለተኛው ሰበቤ ዕቃ ነው። ልጁ መዝለል ስለሚወድ ትራምፖሊን ያስፈልገዋል ብዬ ወሰንኩ። ዋሽንግተን ላለ ያጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ እሺ አለኝ፤ እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ላም አለኝ በሰማይ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ አያቱ ቤት መደብ ላይ እየወጣ ይዘላል፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ «ተው! ውረድ! ትወድቃለህ!» እላለሁ። የዝላይ መሣሪያ ከአሜሪካ እስኪመጣለት የሚዘለውን ልጅ ከመዝለል የከለከልኩ ብቸኛው የስፖርት ባለሙያ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ልጄ ከመወለዱ በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሰልፍ ላይ አይቆምም፤ ፊሽካ ስነፋ ጆሮውን ይይዛል፤ ሲሮጥ እግሩና እጁ አይስማሙለትም፤ ቡድን ስከፍል የሚወስደው ቡድን የለም። ሩኅሩኅ ነኝና መላ ፈጠርኩለት። ልጆቹ ሹራባቸውንና ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ሲከምሩ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲጠብቅ አደረግሁ፤ «ልብስ ጠባቂ» የሚል ማዕረግም ሰጠሁት። ዓመቱን ሙሉ ጠበቀ፤ አንድ ካልሲ አልጠፋም። ካርዱ ላይ በስፖርት ጥሩ ማርክ ሞላሁለት። በዚያ ሜዳ ላይ በዚያ ዓመት ከእሱ የበለጠ የተቀመጠ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ዓመታት አለፉና የገዛ ልጄ ትምህርት ቤት ገባ። የእኔ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሌላ ነው። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ቆብ አውልቆ ሰላም አለኝ። «ልጁ እንዴት ነው? አያስቸግርህም?» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ ምንም አያስቡ!» አለኝ ደስ ብሎት። «ልብስ እያስጠበቅሁት ነው። ከእርስዎ አይደል ያየሁት።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። የምቆጣው ሰው የራሴን ትምህርት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊቴ ቆሟል። «ጎበዝ፣ በርታ» ብዬው ሄድኩ። ለዚህ መልሴ ስግደት ቢታዘዝብኝ አላስቀይርም።

አዲስ አበባ ውስጥ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ፤ ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ምን ጎደላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ያነሡት የልጆቻቸውን ትምህርት ነው። እኔ ትምህርት ሲባል ፊደልና ቁጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሜዳውን አልቆጥረውም። ዳሩ ግን ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሰውነታቸውን ማቀናጀት ይከብዳቸዋል፤ ኳስ መቅለብ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ደረጃ መውረድ። ስለሚከብዳቸው ከጨዋታ ይወጣሉ፤ ከጨዋታ ስለወጡ አይለማመዱም፤ ስላልተለማመዱ ይብሱን ይከብዳቸዋል። እኔ በዚያ ክብ መካከል ድንጋይ አኑሬ «እዚህ ቁጭ በል» ያልኩት ሰው ነኝ።

የድሮ ተማሪዬ ንግግር አላስተኛኝ አለ። በማግስቱ ቱታዬን ለብሼ፣ ፊሽካዬን ይዤ ልጄን ሜዳ አወረድኩት። የእግር ኳስን ሕግ አስረዳሁት፤ አጭር መግቢያ ሰጥቼ፣ የቅጣት ምቱን ከማዕዘን ምቱ ለይቼ። እሱ ጉንዳን ያያል። ፊሽካውን ነፋሁ፤ ጆሮውን ደፍኖ ወደ ቤት በረረ። እኔም ለሚስቴ «ስፖርት አይወድም» የሚል ሪፖርት አቀረብኩ። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሮጠው?» አለችኝ። ከሜዳው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ አስቤ ዝም አልኩ። ለካ ልጁ ሳያርፍ ሮጦ ነው የገባው፤ እኔ ነኝ ባጃጅ ይዤ የተከተልኩት።

ከዚያ በኋላ ጸጥ ያለውን መንገድ መረጥኩ፦ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ኳስ መቀባበል። እኔ አንከባልላለሁ፣ እሱ አንዳንዴ ይመልሳል። ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር፤ «ዛሬ ስፖርት ሠርተናል» እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። ይህን ኩራቴን ያፈረሰብኝ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ጥቂት ልጆች ላይ ሁለት ነገር አነጻጸሩ፤ 15 ደቂቃ ቀላል የኳስ ጨዋታና 15 ደቂቃ ዱብ ዱብ። ኳሱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ከሩጫው በኋላ ግን ያ ያለማቋረጥ የሚደጋገም እጅ ማርገብገብና መወዛወዝ ቀንሶ ታየ። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ በዚያ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙ ጥናቶች ግን ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ሰውነትን ለማቀናጀት፣ አንዳንዶቹም ከሰው ጋር ለመግባባት እንደሚረዳ አሳይተዋል። ኦቲዝምን አያድንም፤ እንዲያድን የሚፈለግም ነገር አይደለም። ልጁን ግን ያነቃዋል። የእኔ ችግር «ጠንከር ያለ» የሚለው ቃል ከአባትየውም የሚጠብቀው ነገር መኖሩ ነው።

ሰነፍ ሰው ሲነሣ ደግሞ አያድርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ አካል ጉዳት ላለባቸውም ልጆች ያንኑ ነው ያለው። እኔ «60» የሚለውን አነበብኩና መመሪያውን ዘጋሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ በልተን እንደተነሣን፣ ሜዳውን በዙር እንድንጨርስ ወሰንኩ። ልጁ ከተወሰነ ዙር በኋላ መሬት ላይ ተዘርግቶ አልነሣም አለ። እኔ ከእሱ በፊት ተዘርግቼ ስለነበር አላየሁትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያላነበብኩት ገጽ ላይ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው የሚል ነበረበት። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ለማወቅ እኮ ጄኔቭ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እናቴን መጠየቅ በቂ ነበር።

የገበያው ቀን ባይመጣ ኖሮ በዚያው እተወው ነበር። ማክሰኝትን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያልፈው። በገበያ ቀን ከአህያውና ከሰው መሐል ሲኖትራክ እየተሽሎከሎከ ይሄዳል። ሚስቴ ነጭ ሽንኩርት ስትገዛ ልጁን እኔ ይዤዋለሁ፤ ማለትም አጠገቤ ቆሟል፣ እኔ ስለ አርሴናል እያወራሁ ነው። ዞር ስል የለም። ሰው ተሯሯጠ፤ እኔም ሮጥኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጎኔን ወግቶኝ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ፤ አንዲት ሽንብራ የምትሸጥ ባልቴት «እኔን! ውኃ ስጡት ሰውየውን!» እያሉ ይጮኹልኛል። ልጁ አስፋልቱ ዳር ደርሶ የቆመ ሲኖትራክ ጎማ እያየ ነበር። የያዘው አንድ የባጃጅ ልጅ ነው፤ ይዞት መጣና «ቲቸር፣ ምነው ልጅዎን?» አለኝ። ውኃዬን እየጠጣሁ ነበር።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ወላጆች ግማሽ ያህሉ፣ 49 በመቶ፣ ልጃቸው ከ4 ዓመቱ በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአጠገባቸው ለመሰወር መሞከሩን ተናግረዋል፤ መኪና ደግሞ ከአደጋዎቹ ዋናው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው ሮጦ መድረስ የሚችል እግር ሊኖረው ይገባል። ለዓመታት «እንዴት አድርጌ ላንቀሳቅሰው?» ስል የኖርኩት፣ ከቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ያቃተው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው። ልጁ ከጥዋት እስከ ማታ ይንቀሳቀሳል። የሚጎድለው አብሮት የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር።

ይህን ያሳዩኝ ሁለት ሽማግሎች ናቸው፤ አንደኛው አባቴ ነው። አባቴ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ነግሬውም «አቲዝ» ብሎ ትቶታል። ጥር ላይ ልጁን ይዘን ገጠር ወረድን፤ ጤፍ እየተወቃ ነው። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ ልጄም በክቡ ዳር ቆሞ ዓይኑ አብሮ ይዞራል። እኔ «በሬ ይረግጠዋል» ብዬ ልይዘው ስነሣ አባቴ በእጁ መለሰኝ፤ ለልጁ ቀጭን አርጩሜ ሰጥቶ ከኋላ አሰለፈው፤ እሱም ከአጠገቡ ሆነ። ማስረዳት የለ፣ ፊሽካ የለ። «ሃ!» ይላል አባቴ፤ ይሄዳሉ። ያ በቤት ውስጥ «አትዙር፣ ታዞረናለህ!» እየተባለ የሚገሠጽ ልጅ፣ መዞር ሥራ የሆነበት ቦታ አገኘ። ገለባው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየዋጠው፣ እግሩን እያነሣ፣ ከበሬዎቹ እኩል ዋለ። ማታ እራቱን በልቶ ወዲያው ተኛ፤ እንቅልፍ ብርቃችን በሆነበት ቤት። «መዞሩ ያዋርደኛል ብለህ ነበር እንዴ የምትከለክለው?» አለኝ አባቴ። አባቴ ጥያቄው ጥቂት ነው፤ ሲጠይቅ ግን መልሱን ያውቀዋል።

ሁለተኛው የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በስቅለት ዕለት። ልጁን በጥምቀት ይዤው ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ከበሮው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ጥሩምባው፣ ግፊያው ተደራርቦበት አስፋልት ላይ ተደፍቶ ሲጮኽ ሰው ሁሉ ከብቦ «ጠበል ውሰደው» ብሎኛል። ስለዚህ ስቅለት ሲመጣ ልተወው ፈልጌ ነበር፤ እናቱ ናት ያመጣችው። ልብ ያላልኩት ነገር ነበር፤ በጾሙ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ካህናቱ «ኪርያላይሶን» ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሣል። ያው ቃል፣ ያው ዜማ፣ ያው ጎንበስ ቀና፤ እንደገና፣ እንደገና። በፊቱ፣ በጎኑ፣ በኋላው ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደሚደረግ ያሳየዋል። ድንገት የሚወረወርበት ኳስ የለም። ማንም ዓይኑን እያየ «አድርግ» አይለውም።

ልጄ በመጀመሪያ ቆሞ አየ። ከዚያ ሰው ሲወድቅ ወደቀ፣ ሲነሣ ተነሣ። ትንንሽ መዳፎቹን እንደ ሽማግሎቹ ዘርግቶ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ በጉልበቱ ተደግፎ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እኔ መቋሚያ ላይ ተደግፌ ግድግዳውን ይዣለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛልና። ካህናቱ በመጨረሻ በወይራ ቅጠል ቸብ እያደረጉ ስግደት ሲያዙ አባ ዘንድ ደረስን። ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ያንተን እሱ ሰግዶልሃል» አሉኝ። «የቀረውን ግን አብራችሁ ነው።»

ባለሙያዋ በኋላ ስነግራት አልተገረመችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረ ሥልጠና አለ፤ 9 ጊዜ በቡድን፣ 3 ጊዜ ደግሞ በየቤቱ እየሄዱ የሚሰጥ። ትልቁ ነገሩ ወላጅ ልጁን ከመምራቱ በፊት እንዲከተለው ማስተማሩ ነው። ፊት ለፊቱ ሁን፤ የሚያደርገውን አድርግ፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምር፤ ሲሞክር አመስግነው። በብዙ ቃል አታስረዳ፣ አሳየው። መጀመሪያውና መጨረሻው እንዲታወቀው አድርግ። አባቴ ይህን ሁሉ በ«ሃ!» ብቻ ጨርሶታል።

አሁን ማለዳ ማለዳ ዱብ ዱብ እንላለን። መድረሻችን የታወቀ ነው፤ አሮጌው የውኃ ቦኖ ጋ ደርሰን ነክተነው እንመለሳለን። ስንሮጥ «ሂድ» እላለሁ፣ «ቁም» እላለሁ፤ ሲቆም እናጨበጭባለን፤ አስፋልቱን አስቤ ነው። ያረጀ የብስክሌት ጎማ በዱላ እየነዳ ከፊቴ ይሄዳል፤ ይህን ጨዋታ ለእሱ የፈጠሩለት ነው የሚመስለው። ከሰዓት በኋላ ትንሿን ጀሪካን ከቦኖ ይዞ ይመጣል። ቡና ሲፈላ እናቱ እስክስታ ትወርዳለች፤ እሱ ትከሻዋን አይቶ የራሱን ይሞክራል፤ እኔ ስሞክር ሁለቱም ይስቃሉ። ትራምፖሊኑ አልመጣም፤ መደቡን በጭቃ አጠንክረን ከሥሩ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ አነጠፍንለት።

ጸድቄያለሁ እንዳትሉኝ። ዝናብ ሲያካፋ ደስ ይለኛል። ልጁ ጠዋት ጫማዬን አምጥቶ ደረቴ ላይ ሲያስቀምጥ እንቅልፍ የያዘኝ አስመስላለሁ፤ እሱ ግን ማስመሰል የሚባል ነገር አይገባውምና እስክነሣ ድረስ ሁለተኛውንም ጫማ ያመጣል። ፊሽካዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌዋለሁ፤ ተማሪዎቼ መታመሜን ጠይቀውኛል።

አንድ ነገር ግን ለሙያ ባልደረቦቼ ልበል፣ መምከር ለሰነፍ የሚቀልለው ስፖርት ነውና። ከጎንደር ዙሪያ ትምህርት ቤቶች በብዙዎቹ ሜዳ ዳር፣ ከተከመረ ሹራብ አጠገብ፣ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ምን መሣሪያ እንገዛለት፣ የትኛውን ማዕከል እንጠብቅለት አትበሉ። አንድ ጓደኛ ስጡት፣ ቀስ ብሎ የሚያሳየው። አንድ ዛፍ አሳዩት፣ ነክቶት የሚመለስ። ፊሽካውን ከጆሮው አርቁ። ለልብሱ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ በየሜዳው ጥላ ሥር ወንበር ይዞ የተቀመጠ መምህር አይጠፋም፤ እሱ ይጠብቅ።